ከወታደሩ ሥር የወጣ አፈር

ወይዘሮ ኦዜላ ታርፕሊ የእናታቸውን ስኒ ያገኙት ከመቃብር ቦታው በር አጠገብ በቆመ የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ነው። በላዩ ላይ የረጠበ የሳንድዊች ወረቀት፣ የቢራ ቆርቆሮ፣ የታኘከ ትምባሆ የተተፋበት የፕላስቲክ ኩባያና የጠወለገ የአበባ ጉንጉን ተጭኖበት ነበር። ስኒው ነጭ ነው፤ ከንፈሩን ሰማያዊ መስመር ይዞረዋል፤ ጆሮው የለም። ጆሮውን በድንጋይ መትተው የሰበሩት፣ የዐሥር ዓመት ልጅ ሳሉ፣ ራሳቸው ወይዘሮ ኦዜላ ናቸው።

«አክስቴ፣ ኧረ በእግዚአብሔር ይውጡ ከዚያ!» አለች የእህታቸው ልጅ ሬኒታ። ነርስ ናት፤ ከሰው በፊት በሽታው ነው የሚታያት። «ሰው ቢያይ ምን ይላል?»

«አሮጊቷ እራቷን እየፈለገች ነው ይላላ። እንቺ፣ ያዢልኝ ይህን። ቀስ ብለሽ።»

ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከትምባሆ እርሻዎች መካከል ባለችው ማርዌል፣ ጥቁር ሰው ሲሞት በመጨረሻ የጠጣበት ስኒና የበላበት ሰሃን ተሰብሮ መቃብሩ ላይ ይቀመጣል። ዕቃው ካልተሰበረ ሟቹ ከቤቱ ሌላ ሰው ይጠራል ይባላል። ለድንጋይ የሚሆን አቅም ያልነበራቸው አያቶች በራስጌው ዩካ የሚሉትን፣ ቃጫ የሚመስል ቅጠለ ሹል ተክል ተከሉ። መቃብሩ ላይ ሣር አይበቅልም፤ ሣር የበቀለበት መቃብር ወገን የሌለው ሰው መቃብር ነው። ስለዚህ በየዓመቱ፣ በነሐሴ ሁለተኛው እሑድ፣ ቤተሰቡ ሁሉ መኮትኮቻና መጥረጊያ ይዞ ይመጣና ቀዩን አፈር ራቁቱን እስኪቀር ይጠርገዋል።

እንግዳ ሰው ይህን ቢያይ የተራቆተ መሬት፣ ስብርባሪ ዕቃና እሾሃም ተክል እንጂ ሌላ አይታየውም። የማርዌል ነጮች ግን እንግዶች አይደሉም። ከእነዚህ ሰዎች ጋር በአንድ አፈር ላይ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ኖረዋል፤ ጡታቸውን ጠብተዋል፤ ምግባቸውን በልተዋል፤ ቀብራቸውም ላይ አልፎ አልፎ ቆመዋል። ይህን ሁሉ ኖረው እንደ እንግዳ ማየት ቀላል ሥራ አይደለም። ትውልድ በትውልድ ላይ የደከመበት ሥራ ነው።

እናቲቱ ሉቪኒያ ግሪምስ በላሲተር ትምባሆ ፋብሪካ ከትምባሆው ቅጠል የመካከሉን ጅማት የሚነቅሉ ሴት ነበሩ። ቤት ሲገቡ ልብሳቸው፣ ጸጉራቸው፣ ትራሳቸው ሳይቀር ትምባሆ ትምባሆ ይሸት ነበር። ሳሉ፤ እየሳሉ ሠሩ፤ እየሠሩ ሞቱ። ከከተማው መቃብር ቦታ በስተጀርባ፣ ከብረት አጥሩ ማዶ፣ ጥቁሮች ከባርነት ዘመን ጀምሮ በሚቀበሩበት ተዳፋት ላይ ተቀበሩ። ትንሿ ኦዜላ ስኒውንና ሰሃኑን እንድትሰብር ተነገራት። ስኒው በሦስተኛው ምት ጆሮውን ጣለ። ሰሃኑ አፈሩ ለስላሳ ስለነበር እምቢ ብሎ፣ ታላቅ እህቷ ከሥሩ ድንጋይ አስቀምጣ ነው የተሰበረው። ዩካውን ያመጣችውም እህቷ ናት፤ ከአያታቸው ራስጌ ቆርጣ።

ወይዘሮ ኦዜላ ካደጉ በኋላ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ሆኑ፤ እስከ ጡረታቸውም ሥራቸው ይኸው ነበር። ጠዋት ልጆቹን ሲወስዱ፣ ከሰዓት በኋላ ሲመልሱ፣ በፍርድ ቤቱ አደባባይ የቆመውን የድንጋይ ወታደር ይዞሩታል።

ይህ ወታደር ሰውን እንደ ከብት የመሸጥና የመግዛት መብቱን ላለመነጠቅ ከአገሩ ተገንጥሎ የተዋጋው፣ ተዋግቶም የተሸነፈው የደቡቡ ጦር ወታደር ነው። ያቆሙት ግን የጦርነቱ ተራፊዎች አይደሉም። ጦርነቱ ካበቃ ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ ጥቁሮች ድምፅ እንዳይሰጡ በተከለከሉበት ዘመን፣ የባለጠጎች ሚስቶች ገንዘብ አዋጥተው ከፋብሪካ አስመጡት። በእግረ ድንጋዩ ላይ «ለክብር እንጂ ለጥቅም አልተዋጉም» ብለው አስቀረጹበት። ያ ጥቅም ግን በፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ተሰልፎ፣ ጥርሱ እየታየ፣ በጨረታ ይሸጥ ነበር። ወታደሩ ጀርባውን የሰጠው ለዚያ ደረጃ ነው።

«ሚስ ኦዜላ፣ ያ ሰውዬ ማነው?» ይሉ ነበር ሕፃናቱ።

«ትራፊክ ነው።»

«ታዲያ ለምን አይንቀሳቀስም?»

«ደመወዙን እየጠበቀ ነዋ። ተቀመጥ፣ ራስህን ወደ ውስጥ መልስ።»

ልጆቹ ይስቃሉ። እሳቸው ግን በመስታወቱ ያልሳቀው የትኛው እንደሆነ ይመለከቱ ነበር። ያልሳቀው ልጅ ቤቱ ገብቶ እንደጠየቀ፣ ጠይቆም እንደተነገረው ያውቃሉ።

በጡረታቸው ዘመን፣ በየከተማው እንዲህ ያሉ ሐውልቶች መውረድ በጀመሩበት ዓመት፣ የማርዌል ወጣቶችም ጥያቄ አነሡ። ወይዘሮ ኦዜላ በየዓርቡ ቀትር ላይ ጃንጥላቸውን ዘርግተው በአደባባዩ ይቆሙ ጀመር። «ይነሣ» የሚል ካርቶን ይዘዋል። የጭነት መኪና የሚነዱ ሰዎች ፍጥነት እየቀነሱ ያልፉና ኩባያ ይወረውራሉ። አብዛኛው የለስላሳ ነው። አንድ ቀን የተወረወረው የሰው ሽንት ነበረበት። ሬኒታ ካፖርቱን ሦስት ጊዜ አጥባ ሽታው አልለቅ ቢላት አቃጠለችው። አክስቷ በሚቀጥለው ዓርብ የዝናብ ካፖርት ለብሰው ወጡ።

በምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ የተደመጠውን ሁሉ መድገም አያስፈልግም፤ ሁለቱን ዓረፍተ ነገር ግን መያዝ ያስፈልጋል፤ ወደፊት ይፈለጋልና። «ታሪክ አይደመሰስም» አሉ የሐውልቱ ደጋፊዎች። «ሙታን መልስ ስለማይሰጡ ብቻ መታሰቢያቸውን መንካት ነውር ነው» አሉ። አንዲት ሴት እያነቡ ተናገሩ፤ እንባቸውም እውነተኛ ነበር።

በመጨረሻ የምክር ቤቱ ሰብሳቢ ሚስተር ሆይት ላሲተር፣ የፋብሪካው ባለቤት ልጅ፣ ሁሉንም የሚያስማማ ሐሳብ አመጣ፤ ወታደሩ ከአደባባይ ተነሥቶ ወደ ከተማው መቃብር ቦታ ይሂድ። የጥቁሮቹ ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ፓስተር ክሊዮፈስ ዴንት ሐሳቡን ደግፈው የሰብሳቢውን እጅ ጨበጡ፤ ፎቶግራፉም በጋዜጣ ወጣ።

«እህት ኦዜላ፣ አሸነፍን!» አሏቸው እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ የተጠበሰ ዶሮና የበቆሎ ዳቦ በተዘረጋበት ጠረጴዛ አጠገብ።

«የት ያደርጉታል?»

«መቃብር ቦታው ውስጥ ነዋ። ሙት ከሙት ጋር።»

«መቃብሩ ሰፊ ነው፣ ፓስተር። የት ላይ?»

«እሱን ኮሚቴው ያየዋል። ኧረ እህቴ፣ አንዳንዴ እንኳ ደስ ይበልሽ!»

ደስ አላቸው። ዶሮውንም በሉ። ከዚያም ዓይናቸውን ሊታከሙ ሬኒታ ወደምትኖርበት ሪችመንድ ሄዱ። እዚያ ሳሉም፣ ካርቶን ይዘው የቆሙባቸውን እነዚያን ዓርቦች እያሰቡ፣ በሕይወታቸው አንድ ነገር እንደፈጸሙ አመኑ።

የኮሚቴው ሥራ እንዲህ ሆነ። በመቃብሩ የፊት ክፍል እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ቦታና የባለቤትነት ማስረጃ አለው። የዚያ ጦር ወታደሮችም የተቀበሩት እዚያው፣ በነጭ ድንጋይ ሥር ነው። ሐውልቱ ከገዛ ወገኖቹ መካከል ይቁም ቢባል ከዚያ የሚቀርብ ቦታ የለውም። ነገር ግን አንዱ ቤተሰብ ክሬኑ የአያቴን እብነ በረድ ይሰነጥቀዋል አለ። ሌላው መንገዱ ይዘጋብኛል አለ። በስብሰባው ላይ ያነቡት ሴት የሐውልቱ ጥላ ጽጌረዳቸውን እንደሚያደርቅባቸው በትሕትና አሳወቁ። የአባቶቻችን ክብር ተረገጠ ብለው የጮኹት ሰዎች በገዛ አባቶቻቸው አጠገብ ለዚያ ክብር የሚሆን አንድ ክንድ መሬት አላገኙም። ያን ጊዜ ከበስተጀርባ ባለው ተዳፋት ላይ፣ ከአጥሩ ማዶ፣ «ባዶ ቦታ» መኖሩን አንድ ሰው አስታወሰ።

በምረቃው ቀን ግራጫ የጦር ልብስ የተከራዩ ሰዎች ተሰልፈው ጠመንጃ ተኮሱ። የሎሚ መጠጥና ኬክ ቀረበ። ግራጫ ለባሾቹ ትምባሆ እያኘኩ ቡናማውን ምራቅ በመስኩ ላይ ይተፉ ነበር። ከሥራቸው ያለው ትምባሆ የገደላት ሴት መቃብር ነበር።

ወይዘሮ ኦዜላ ዓይናቸው ድኖ ሲመለሱ፣ እንደ ልማዳቸው መጥረጊያቸውን ይዘው ወደ መቃብሩ ሄዱ። በጠራው ዓይናቸው መጀመሪያ ያዩት የወታደሩን ጫማ ነው። ዩካው የለም፤ ሰሃኑ የለም፤ ቀዩ አፈር የለም። ከመኝታ ቤት የሚሰፋ የኮንክሪት ወለል ተዘርግቶ፣ በመካከሉ ያ ሰውዬ ቆሟል። እናቱን የቀበረ ሰው የሚቆምበትን ቦታ እግሩ ያውቀዋል። የእሳቸው እግር ኮንክሪቱ መካከል ድረስ ወስዶ አቆማቸው። ከዚያ ነው ወደ ቆሻሻ ገንዳው የሄዱት።

አሁን የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሰው ከእናታቸው ላይ እንዲወርድና እናታቸው ያሉበትን መሬት እንደገና መጥረግ። ከዚህ የሚበልጥ አልጠየቁም፤ ከዚህ የሚያንስም አልተቀበሉም።

«ሚስ ኦዜላ፣ ከልባችን እናዝናለን» አለ ሆይት ላሲተር በምክር ቤቱ መድረክ ላይ። ድምፁ ማር የተቀባ ነው። አባቱ እናታቸውን «አንቺ ሉቪኒያ!» ብሎ ነበር የሚጠራው፤ ልጁ «እርስዎ» ማለት ተምሯል። «ነገር ግን በካርታው ላይ ቦታው ባዶ ነው። የመቃብር ድንጋይ አልነበረበትም።»

«ድንጋይ አልነበረበትም። ሰሃን ነበረበት።»

«አዎን፣ ሠራተኞቹ ጥቂት ስብርባሪ እንዳነሡ ነግረውኛል። ቆሻሻ መስሏቸው ነው።»

«ምነው ይህች ሴትዮ!» አለ ከኋላ የተቀመጠ ባለባርኔጣ። «ከአደባባይ አስነሣችው፣ አሁን ደግሞ ከመቃብር። ነገ ከሰማይ ልታስወርደው ነው?»

«ሰማይ ከገባማ» አሉ ወይዘሮ ኦዜላ ሳይዞሩ፣ «በረኛውን ነው የምከሰው።»

ሳቅ ሆነ። እሳቸው አልሳቁም። ስኒውን ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና እርስዎ መባባሉን ትተው እንደ ጥንቱ ጠሩት።

«ሆይት፣ አባትህ እናቴ ስትቀበር ነበረ። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ከዩካው አጠገብ ቆሞ አይቼዋለሁ። ይህን ለልጁ ሳይነግር ሞተ?»

ሰብሳቢው ወረቀቱን አስተካከለ።

«ሁለተኛ ክፍል ሳለህ መኪና ያጥወለውልህ ነበር። በአውቶቡሴ ወለል ላይ ስታስታውክ በጉልበቴ ተንበርክኬ እጠርግ ነበር። ጫማህንም እጠርግልሃለሁ፣ እናትህ እንዳትቆጣህ። ቆሻሻ ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ በዚህ ቤት የለም። ይህ ቆሻሻ አይደለም።»

«ሚስ ኦዜላ፣ የተፈቀደልዎት ጊዜ አልቋል» አለ ሆይት ላሲተር፤ ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር።

ሬኒታ ዝም አላለችም። በየቢሮው እየደወለች፣ እየጮኸች፣ ከዩኒቨርሲቲ መሬት ሳይቆፍር ከሥሩ ያለውን የሚያሳይ መሣሪያ የያዙ ባለሙያዎችን አስመጣች። ባለሙያዎቹ መሣሪያውን እንደ ሕፃን ጋሪ እየገፉ ተዳፋቱን አሰሱት። መቃብሮቹ በረድፍ በረድፍ ታዩ። ረድፉ ኮንክሪቱ ጫፍ ሲደርስ ይቆረጣል፤ ከኮንክሪቱ ማዶ ይቀጥላል። ለመሠረቱ የተቆፈረው እስከ ሰው ደረት ድረስ መሆኑም ታወቀ።

ያን ጊዜ ሁሉም ስለ ኮንክሪቱ ይነጋገር ነበር። ወይዘሮ ኦዜላ ብቻ ሌላ ነገር ጠየቁ።

«አፈሩስ?»

«የቱ አፈር?» አለ ቆፋሪውን መኪና የነዳው ዱዌይን፤ ለምስክርነት ተጠርቶ የመጣ፣ ፀሐይ አንገቱን ያቀላው ነጭ ጎልማሳ ነው።

«ደረት ድረስ ቆፍረሃል። የወጣው አፈር የት ሄደ?»

ዱዌይን ኮፍያውን አወለቀ። «ፍርድ ቤቱ አደባባይ… ሐውልቱ ሲነሣ ትልቅ ጉድጓድ ቀርቶ ነበር። እሱን ሞላንበት። አፈር ከሌላ ቦታ ማመላለስ ቀረልን።»

«ስትቆፍር ምን አየህ?»

«የበሰበሰ ጣውላ ነገር። ምስማርም ነበረው። ሥር መስሎኝ…»

«ሥር ምስማር የለውም፣ ልጄ።»

«የለውም፣ እሜቴ» አለ ዱዌይን፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። ከዚያ ከሁሉም በፊት መኪናው ውስጥ ገባ።

በአደባባዩ፣ ወታደሩ ከመቶ ዓመት በላይ በቆመበት ቦታ፣ ወረዳው ክብ የአበባ መደብ አሠርቶ ፔቱንያ የሚባል ሐምራዊ አበባ ተክሎበታል። አጠገቡ ለፎቶግራፍ መነሻ የሚሆን አግዳሚ ወንበር አለ። ወይዘሮ ኦዜላ በሬኒታ ትከሻ ተደግፈው ተንበረከኩና በጣታቸው ከአበባው ሥር ጫሩ። አፈሩ ያው የተዳፋቱ ቀይ አፈር ነው። ብዙ ሳይጭሩ ከንፈሩ ሰማያዊ የሆነ የሰሃን ስባሪ ወጣ። ከቦርሳቸው ካወጡት ስኒ ጎን አኖሩት። የሁለቱ ሰማያዊ አንድ ሰማያዊ ነበር።

«አክስቴ…» አለች ሬኒታ።

«ጨረታው ፊት አመጧት» አሉ ወይዘሮ ኦዜላ፣ የፍርድ ቤቱን ደረጃ እያዩ። «ሞታም አመጧት።»

የቀረውን ለመናገር ጥቂት ቃል ይበቃል። ምክር ቤቱ ሁለተኛ ድምፅ ሰጠ፤ ወታደሩ ከመቃብሩ ተነሥቶ በመንገድ ሥራ ግቢ፣ ከበረዶ ማቅለጫ ጨው ክምር አጠገብ በጀርባው ተጋደመ። ጋዜጣው «ሁለቱም ወገኖች እፎይ አሉ» ብሎ ጻፈ። ኮንክሪቱ ቀረ፤ ቢፈነቀል የጎረቤት መቃብሮችን ያናጋልና። የአደባባዩ አፈር አይመረመርም ተባለ፤ የሰው አካል እንዳለበት አልተረጋገጠም፤ ለማረጋገጥ መመርመር ያስፈልጋል፤ ለመመርመር ደግሞ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት። ታሪክ አይደመሰስም ያሉት ሰዎች ይህን ሲሰሙ በመቀመጫቸው ላይ ነበሩ። አንዳቸውም አልተነሡም። ያነቡት ሴት አላነቡም።

በመጨረሻ ፓስተር ክሊዮፈስ የመታሰቢያ ሰሌዳ ረቂቅ ይዘው ወደ ቤታቸው መጡ። ከኮንክሪቱ ዳር የሚተከል ነው፤ «በዚህ ስፍራ ስማቸው ያልታወቀ ሰዎች ዐርፈዋል» ይላል።

«እህት ኦዜላ፣ ምንም ከሌለ ይሻላል።»

«ሉቪኒያ ግሪምስን ማን ነው ያላወቃት? አንተ ስታድግ ስሟን አልሰማህም? አላረፈችምም፤ እዚያም የለች።»

«ሰላም እንዲሆን ብዬ ነው፣ እህቴ።»

«ፓስተር፣ የዚያን ሰው እጅ ስትጨብጥም ለሰላም ነበር። እናቴን በገልባጭ መኪና ያስጫነው ያ ሰላም ነው። ሻይህን ጠጥተህ ሂድ።»

ፓስተሩ ሻዩን ሳይጨርሱ ሄዱ።

የነሐሴ ሁለተኛ እሑድ ደረሰ። የማርዌል ጥቁሮች መኮትኮቻና መጥረጊያቸውን ይዘው ወደ ተዳፋቱ ሄዱ፤ በኮንክሪቱ ዙሪያ ያለውን ጠረጉ። ወይዘሮ ኦዜላ ግን ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ሬኒታን አስከትለው ወደ ፍርድ ቤቱ አደባባይ ሄዱ። በአበባው መደብ ዳር ቆመው አጭር ጸሎት አደረሱ። ከዚያ ፔቱንያውን መንቀል ጀመሩ። መቃብር ላይ ምንም አይበቅልም። የእናት መቃብር ደግሞ የልጅ ፊት ነው፤ ካልተጠረገ ታፍራለህ። እየነቀሉ በአግዳሚ ወንበሩ ላይ በሥርዓት ደረደሩት፤ አንዱንም አልረገጡም።

ወጣቱ ፖሊስ መኪናውን አቁሞ ወረደ። በልጅነቱ በአውቶቡሳቸው ተሳፍሯል።

«ሚስ ኦዜላ፣ ምን እያደረጉ ነው? ይህ እኮ የወረዳው አበባ ነው።»

«አውቃለሁ። አበባው የወረዳው ነው፣ ይውሰደው፤ ወንበሩ ላይ ነው። አፈሩ የእኔ ነው።»

«መጻፍ ይኖርብኛል፣ እሜቴ። የሕዝብ ንብረት ማበላሸት ነው የሚሉት። ሐውልቱን ይጠብቅ የነበረው ሕግ ነው፣ ያው አንቀጽ ነው።»

«ጻፍ። ስሜን ታውቀዋለህ። እሷንም ጻፋት፤ ሉቪኒያ ግሪምስ በል።»

ፖሊሱ ብዕሩን አወጣ፤ ግን አልጻፈም፤ ለአለቆቹ በሬዲዮ እየተናገረ ቆየ። እሳቸው እስከዚያ ጠርገው ጨረሱ። ቀዩ አፈር ራቁቱን ቀረ፤ የመጥረጊያው መስመሮች በላዩ ላይ ታዩ። ስኒውንና የሰሃኑን ስባሪ በመካከሉ አኖሩ። ከዚያ ሬኒታ ከከረጢቷ የዩካ ሥር አወጣች፤ የአያታቸው ራስጌ ላይ ካለው የተቆረጠ ነው። ጉድጓዱን ወይዘሮ ኦዜላ በእጃቸው ቆፍረው ራስጌ መሆን አለበት ባሉት በኩል ተከሉት፤ የትኛው ራስጌ እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም።

ክሱ መጣ፤ ቅጣቱም ተወሰነ። የወረዳው ሠራተኞች ስኒውንና ስባሪውን አነሡ፤ በዚህ ጊዜ ወደ ቆሻሻ ገንዳ ሳይሆን በከረጢት አድርገው ወደ መዝገብ ቤት ወሰዱት፤ ለማስረጃ። ዩካውን ነቅለው ፔቱንያውን መልሰው ተከሉ። ዩካ ግን የተቆረጠ ሥሩ በአፈር ውስጥ ከቀረ አይሞትም። በጸደይ ከሐምራዊው አበባ መካከል ሹል ቅጠሉን አወጣ። ነቀሉት፤ ተመልሶ ወጣ። አሁን ወረዳው በየዓመቱ አንድ ሠራተኛ የአፍንጫ መሸፈኛ አልብሶ በዚያ አፈር ላይ መርዝ ያስረጫል። በተረጨም ማግስት ወይዘሮ ኦዜላ መጥረጊያቸውን ይዘው ይመጡና የሞተውን ቅጠል ይጠርጋሉ፤ ከሥሩ ያለውን ቀይ አፈር ጎንበስ ብለው ያዩና፣ ሥሩ እንዳለ ካረጋገጡ በኋላ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።